የ5 ቀን የኩባንያ አመራር ሥልጠና ላይ ተመርጫለሁ፤ ምን ተዘጋጅቼ ልግባ?

የሳቢያን ልጅ፦

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሐረሮችም ጭምር። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የ4ኛ ዓመት የማኔጅመንት ተማሪ ነኝ። እዚሁ ከተማችን ያለ አንድ የምግብ ማምረቻ ድርጅት ለተመራቂ ተማሪዎች የ5 ቀን የአመራር ልማት ፕሮግራም አዘጋጅቷል፤ ከተመረጡት 24 ተማሪዎች አንዷ ነኝ። የላኩልን ወረቀት አጭር ነው፦ 1ኛ ቀን ራስን ማወቅ፣ 2ኛ ቀን ግብረ መልስና ኮቺንግ፣ 3ኛ ቀን የቡድን ኬዝ (የተሰጠን የሥራ ችግር በቡድን መፍታት)፣ 4ኛ ቀን የፋብሪካ ጉብኝት፣ 5ኛ ቀን ዓርብ ለማኔጅመንቱ የቡድን ፕሬዘንቴሽን። ከዚህ ያለፈ ማብራሪያ የለውም።

በነዚህ ቀናት የሚመዝነን ሰው አለ ወይስ ሥልጠና ብቻ ነው? ካለስ ምን ያያል? ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም፤ በቡድን ሥራ ላይ ድምፃቸው ከፍ ያለ ልጆች ሁሉንም ነገር እንዳይወስዱት እሰጋለሁ። ቀድሜ ማንበብ ያለብኝ ነገር ካለ ጠቁሙኝ። የ5ኛው ቀን ፕሬዘንቴሽን ምን ቢይዝ ነው ማኔጀር ከልቡ የሚያዳምጠው? ሥራውን የምታውቁት በዝርዝር ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።


መጋላ፦

እንኳን ደስ ያለሽ። አዎ፣ የሚመዝን ሰው አለ። አንድ ድርጅት ለ24 ተማሪ የአዳራሽ፣ የምሳና የአሠልጣኝ ወጪ የሚያወጣው በአብዛኛው ነገ ማኔጅመንት ትሬኒ (ለኃላፊነት የሚሠለጥን አዲስ ተቀጣሪ) ብሎ የሚቀጥራቸውን ከወዲሁ ለመለየት ነው። ነውር የለውም፣ ምስጢርም አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት "ምዘና አለ? መስፈርቱንስ ማወቅ እንችላለን?" ብለሽ አሠልጣኙን ጠይቂ፤ ደህና አሠልጣኝ ከሆነ በግልጽ ይነግራችኋል።

መዛኙ ብዙ ጊዜ ከቡድኑ ጠረጴዛ ራቅ ብሎ ቅጽ ይዞ ይቀመጣል። የተለመዱት መስፈርቶች ሌላውን ማዳመጥ፣ ሐሳብን በማስረጃ መደገፍ፣ ሰዓት መጠበቅ፣ ቡድኑን ወደ ውሳኔ ማድረስና እርማት መቀበል ናቸው። ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 5 ነው። ከነጥቡ ጎን ደግሞ በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን ይጽፋል። ዝምተኛ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። መዛኙ ጠልቶት አይደለም፤ በቅጹ ላይ የሚጽፍለት ነገር ያጣል። ስለዚህ ብዙ ማውራት አይጠበቅብሽም። በአንድ የቡድን ሥራ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሥራውን ወደፊት የሚገፋ ነገር ከተናገርሽ ይበቃል።

ለምሳሌ ለኬዙ 40 ደቂቃ ተሰጥቷችሁ የመጀመሪያው 15 ደቂቃ በክርክር አለቀ እንበል። ያኔ "እስካሁን አራት ሐሳብ ተነስቷል፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። 25 ደቂቃ ቀርቶናል። 10ሩን ለመምረጥ፣ 15ቱን ለማዘጋጀት ብናውለውስ?" በዪ። ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ንግግር ነው፤ ነገር ግን ማዳመጥሽን፣ ሰዓት መያዝሽንና ወደ ውሳኔ መምራትሽን በአንዴ ያሳያል። ሌላው ጥሩ መንገድ ገና ያልተናገረውን ሰው በስሙ ጠርቶ "አንተ ምን ታያለህ?" ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው በየቡድኑ ስለማይገኝ መዛኙ ብድግ ብሎ ይጽፈዋል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ቡድን እንደተመሠረተ "አንቺ ጻፊልን" ብለው ደብተሩን ወደ ሴቷ የሚገፉ ልጆች አሉ። ደብተር ላይ አቀርቅሮ የሚጽፍ ሰው ውይይቱ ያመልጠዋል፤ መዛኙም አያየውም። ፍሊፕ ቻርቱ ጋ ቆማ ማርከሩን የያዘች ልጅ ግን ሌላ ናት። የትኛው ሐሳብ ከየትኛው እንደሚገጥም፣ የትኛው እንደሚሰረዝ፣ የትኛው ጥያቄ መልስ እንዳላገኘ የምታሳየው እሷ ናት። ጻፊ ካሉሽ ወደ ሰሌዳው ሂጂ። በሚቀጥለው ሥራ ደግሞ "አሁን ተራው የሌላ ሰው ይሁን" በዪ።

1ኛ ቀን ላይ የባሕርይ መጠይቅ መሙላታችሁ አይቀርም። በጣም የታወቀው ሰውን በ16 ዓይነት ከፍሎ በአራት ፊደል የሚጠራው ነው። ያው ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ሲሞላው ሌላ ዓይነት ሆኖ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ አሳታሚዎቹ ራሳቸው ለቅጥር ምርጫ እንዳይውል ያሳስባሉ። ስለዚህ "መሪ የሆነ ሰው ምን ይመልስ ነበር?" እያልሽ አትሙዪው፤ የወጣልሽን ፊደልም ሲቪሽ ላይ አትጻፊ። የሚጠቅምሽ ከመጠይቁ በኋላ ያለው ውይይት ነው፦ ከማን ጋር ስትሠሪ ትቸገሪያለሽ? ለምን?

በዚያው ቀን የመግባቢያ ጨዋታ ይኖራል። በብዙ አገር የሚሠራበት የግንብ ጨዋታ 20 ያልተቀቀለ ስፓጌቲ፣ አንድ ሜትር የማይሞላ ፕላስተር፣ ያንኑ ያህል ክርና አንድ ማርሽማሎው (ለስላሳ ከረሜላ) ተሰጥቶ በ18 ደቂቃ ከፍ ያለ ግንብ ማቆም፣ ማርሽማሎውንም ጫፉ ላይ ማስቀመጥ ነው። ብዙ ቡድን የሚወድቅበት ምክንያት አንድ ነው፤ 17 ደቂቃ ሙሉ ያቅድና ይገነባል፣ ማርሽማሎውን በመጨረሻው ደቂቃ ያስቀምጣል፣ ግንቡ ይጎብጣል። ማርሽማሎው ቀላል ይመስላል እንጂ ለስፓጌቲ ከባድ ነው። ገና በሦስተኛው ደቂቃ በአጭር ግንብ ላይ አስቀምጣችሁ ሞክሩት፣ ከዚያ አሳድጉት። ጨዋታው ሲያበቃ አሠልጣኙ "ምን አያችሁ?" ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ይኸው ነው፤ ሐሳብን ቀድሞ በትንሹ መፈተሽ።

ከንባብ ሁለት ነገር ይበቃሻል። አንደኛው ብሩስ ታክማን በ1965 (በፈረንጆቹ) ያቀረበው የቡድን ዕድገት ደረጃ ነው፤ መመሥረት፣ መጋጨት፣ መስማማት፣ መሥራት። በ1977 መለያየት የሚል አምስተኛ ተጨምሮበታል። 3ኛው ቀን ላይ ቡድናችሁ ቢጨቃጨቅ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው ማለት ነው፤ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ሁለተኛው ሄርሲና ብላንቻርድ ያስተዋወቁት እንደ ሁኔታው የመምራት ሐሳብ ነው። አመራር እንደ ሰውዬው ችሎታና ፈቃደኝነት፣ ያውም በዚያ በተሰጠው ሥራ ላይ፣ ይለያያል። ትናንት የተቀጠረ ኦፕሬተር ደረጃ በደረጃ መመሪያ ይፈልጋል። ማሽኑን ለዓመታት የነዳው ሰው ጋ ሄደሽ እንደዚያ ብታደርጊ ግን እንደ ንቀት ይቆጥረዋል። ኬዙ ላይ "መሪው ምን ማድረግ ነበረበት?" የሚል ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ "ሠራተኛው ለዚህ ሥራ አዲስ ነው ወይስ ነባር?" ብለሽ ጠይቂ።


ገንደ ቆሬ፦

መጋላ ጨርሳዋለች። እኔ ስለ 4ኛው ቀን ብቻ፦ ሰንደል ለብሳችሁ ከመጣችሁ በር ላይ ትመለሳላችሁ። ጣቱ የተሸፈነ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ። ነጠላ፣ ረጅም ሻሽ፣ የተንጠለጠለ የአንገት ልብስ የሚሽከረከር ዘንግ ይይዘዋል፤ ሒጃብ የምታደርጉ ጫፉን ከጋዋኑ ሥር አስገብታችሁ በመርፌ ቁልፍ አስይዙት። ምግብ ፋብሪካ ስለሆነ ቀለበት፣ ሐብል፣ የጆሮ ጌጥ፣ ሰው ሠራሽ ጥፍር አይፈቀድም፤ ወደ ምርት ከሚገባ ነገር ሁሉ ይጠነቀቃሉ። የፀጉር መሸፈኛ እነሱ ይሰጣሉ።

ስልክ በር ላይ ሊያስቀምጡባችሁ ስለሚችል የእጅ ሰዓትና ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ያዢ። ስልክ ቢፈቀድ እንኳ ሳይጠየቅ ፎቶ ማንሳት የለም፤ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ የወጣ የማሽን ቪዲዮ ለድርጅቱ ትልቅ ጣጣ ነው። ውሃ ጠጥታችሁ ግቡ። የድሬ ፀሐይ ከ6 ሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ምን እንደሚያደርግ ለአንቺ አልነግርሽም፤ መጋገሪያና ማድረቂያ ያለበት ክፍል ደግሞ የባሰ ነው። ጉብኝቱን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንዲያደርጉት አሠልጣኛችሁን ከወዲሁ ለምኑት።


ሺፍት ሦስት፦

ብዙ ቡድን የሚወድቀው 5ኛው ቀን ላይ ስለሆነ ስለሱ ልጻፍልሽ።

ተማሪዎች ለማኔጅመንት የሚያቀርቡት ርዕስ ከመጠን በላይ ይሰፋል፦ "የሥራ ባህልን ማሻሻል"፣ "ዲጂታል ማድረግ"፣ "የሠራተኛ ተነሳሽነትን መጨመር"። ማኔጀሩ አጨብጭቦ ይወጣል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ሰሚ የሚያገኘው አንድ መስመር፣ አንድ ችግር፣ አንድ መፍትሔ ነው። ችግሩ የሚገኘው ደግሞ በ4ኛው ቀን ጉብኝት ላይ ነው፤ ጉብኝቱን እንደ ሽርሽር አትዩት። ቡድናችሁ አንድ ቦታ መርጦ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ይይ።

በፓስታ ማሸጊያ መስመር ላሳይሽ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የያዝኳቸው ናቸው። ማሽኑ በደቂቃ 40 ባለ ግማሽ ኪሎ ፓኬት ያሽጋል እንበል። አንድ የማሸጊያ ፕላስቲክ ሮል ለ6,400 ፓኬት ይበቃል፣ ማለትም በ160 ደቂቃ ያልቃል። ሺፍቱ 480 ደቂቃ ስለሆነ ሮሉ በሺፍት 3 ጊዜ አካባቢ ይቀየራል። ኦፕሬተሩን "ሲቀየር ስንት ደቂቃ ትቆማላችሁ?" ብትሉት "12 አካባቢ" ይላችኋል። ብዙ ቡድን ይህን ይዞ ይሄዳል። እናንተ ግን አንዱን ቅያሪ ቆማችሁ ለኩት። ማሽኑ የቆመበትን፣ ኦፕሬተሩ ከማሽኑ የራቀበትን፣ የተመለሰበትን፣ ሮሉ የገባበትንና የመጀመሪያው ደህና ፓኬት የወጣበትን ሰዓት ለየብቻ ጻፉ። ያኔ ቅያሪው ራሱ 4 ደቂቃ ብቻ እንደሚፈጅ፣ 8ቱ ደቂቃ ግን አዲሱን ሮል ከስቶር ለማምጣት እንደሚሄድ ታያላችሁ።

ከዚያ "ለምን?" እያላችሁ ውረዱ። ማሽኑ ለምን ቆመ? ሮሉ አለቀ። ሌላ ሮል ለምን አጠገቡ የለም? ከስቶር ስለሚመጣ። ለምን አስቀድሞ አይመጣም? ስቶሩ አንድ አንድ ብቻ ስለሚሰጥ። ለምን? የዕቃ መጠየቂያው በየጊዜው የሺፍት ኃላፊው ፊርማ ስለሚያስፈልገው። ለምን በየጊዜው? አንድ ወቅት ሮል ስለጠፋ ቁጥጥሩ ጠብቆ ነበርና። እነሆ ሥሩ። ኦፕሬተሩ ሰነፍ ስላልሆነ "ሥልጠና ይሰጠው" የሚለው ሐሳብ እዚህ ምንም አይፈይድም። የቁጥጥሩን ምክንያት ሳታውቁ "ፊርማው ይቅር" ካላችሁ ደግሞ የፋይናንስ ኃላፊው ወዲያው ይጥለዋል። መፍትሔው ሁለቱንም ማስታረቅ አለበት፦ በሺፍቱ መጀመሪያ 3 ሮል በአንድ ፊርማ ይውጣ፣ በማሽኑ አጠገብ ቀለም በተቀባ ቦታ ይቀመጥ፣ በሺፍቱ መጨረሻ ባዶው ማጠንጠኛና የተረፈው ተቆጥሮ ለሚቀጥለው ሺፍት በፊርማ ይተላለፍ።

ፋብሪካው ካይዘን (ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ) ከሚተገብሩት ከሆነ አምስቱን "ማ"ዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚሉትን ግድግዳው ላይ ታገኛላችሁ። ሐሳባችሁን ከ"ማስቀመጥ" ጋር አያይዙት፤ የካይዘን ልማት ቡድኑ የራሱ ሥራ አድርጎ ይቀበለዋል። የካይዘን ኢንስቲትዩት በአገራችን ከተቋቋመ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ፋብሪካ ይህን ቋንቋ ለምዶታል፤ አዲስ ስም ፈጥራችሁለት አትምጡ።

አሁን ሒሳቡ። ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ 12 ደቂቃ በ3 ሲባዛ 36፣ 36 በ40 ሲባዛ 1,440 ፓኬት፣ ማለትም 720 ኪሎ "እንቆጥባለን" ይላል። አይደለም። ቅያሪው ራሱ አይቀርም። የሚቀረው 8ቱ ደቂቃ ነው፤ 24 ደቂቃ በሺፍት፣ 960 ፓኬት፣ 480 ኪሎ። ይህም ቢሆን ከፍተኛው ነው። ከዚያ የምርት ኃላፊው የሚያነሳትን ጥያቄ አስቀድማችሁ መልሷት፦ "የመስመሩ ማነቆ ማሸጊያው ነው ወይ?" ማነቆ ማለት የመስመሩን ሁሉ ፍጥነት የሚወስነው ዘገምተኛው ክፍል ነው። ፓስታ ለመድረቅ ረጅም ሰዓት ይወስዳል። ማነቆው ማድረቂያው ከሆነና በመካከል ማከማቻ ካለ ማሸጊያው ለ8 ደቂቃ ቢቆም በኋላ ይደርስበታል፤ አንድም ኪሎ አልጠፋም። ያን ጊዜ ጥቅሙ ከምርት መጨመር ይልቅ የትርፍ ሰዓት መቀነስና የሠራተኛ ድካም ማነስ ይሆናል። ይህን ለማወቅ አንድ ጥያቄ በቂ ነው፦ "ማሸጊያው ሲቆም ከኋላ ያለው ክፍል ይቆማል?"

በመጨረሻ የምትጠይቁት ነገር ትንሽ ይሁን። "በሁሉም መስመር ይተግበር" ሳይሆን "በአንድ መስመር፣ በአንድ ሺፍት፣ ለአንድ ሳምንት ይሞከር፤ በየቅያሪው የቆመው ደቂቃ ይመዝገብ፤ ከ12 ወደ 5 ካልወረደ ይተው" በሉ። ማኔጀር እሺ የሚለው ለመተው ቀላል ለሆነ ነገር ነው።

ስላይድ 5 ይበቃል፦ ችግሩ በአንድ ቁጥር፣ የለካችሁት የደቂቃ ሠንጠረዥ፣ ሥሩ፣ ሐሳቡና ወጪው፣ የሙከራው ሳምንት። ብር መጻፍ እንዳትረሱ፤ ኪሎውን በዋጋ አባዙት። እባካችሁ ደግሞ ከማቅረባችሁ በፊት ሐሙስ ማታ ቁጥሩን ለሺፍት ኃላፊው አሳዩት። አለቆቹ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ካየው ራሱን ለመከላከል "ይሄ ቁጥር ልክ አይደለም" ይላል፤ ሥራችሁ ሁሉ እዚያው ያበቃል። ቀድሞ ካየው ግን አርሞላችሁ ከጎናችሁ ይቆማል። የኦፕሬተሩን ስም አትጥቀሱ፤ ሐሳቡ ከእሱ የመጣ ከሆነ ግን አስፈቅዳችሁ አመስግኑት።


የሳቢያን ልጅ፦

አቦ አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የማነቆውን ነገር በክፍል ተምረነዋል፣ እንዲህ ግን አላየሁትም። ሁለት ነገር ልጨምር። 2ኛው ቀን ላይ እርስ በርስ ግብረ መልስ እንሰጣለን ተብሏል፤ በቡድኔ ውስጥ በዕድሜ የሚበልጡኝ ከሥራ ወደ ትምህርት የተመለሱ ሰው አሉ፣ እንዴት ነው ፊት ለፊት ስህተት የሚነገራቸው? ሁለተኛ፣ የመውጫ ፈተናው እየደረሰ ነው፤ ቤተሰብ "5 ቀን ከጥናት መቅረት አያዋጣም" እያለ ነው።


ሐረር ጀጎል፦

ይሉኝታውን ልረዳሽ እችላለሁ፤ መሣሪያም አለው። አሜሪካ ያለው የፈጠራ አመራር ማዕከል ያዘጋጀው ባለ ሦስት ክፍል ዘዴ በብዙ ሥልጠና ይሰጣል፦ ሁኔታው፣ ድርጊቱ፣ ያስከተለው ነገር። ዘዴው ለእኛ ባህል የሚመቸው ሰውየውን ስለማይነካ ነው። "ሰው አያስወሩም" ማለት በባሕርያቸው ላይ መፍረድ ነው፤ ታላቅ ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም። በዚህ ፈንታ፦ "ትናንት ከምሳ በኋላ በኬዙ ላይ፣ አንዷ ልጅ ሒሳቡን ስታስረዳ ሁለት ጊዜ ገቡባት። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም፤ ስህተቱን ያየችው ግን እሷ ስለነበረች ዘግይተን አገኘነው" በዪ። እዚያ ላይ አቁሚ። "ስለዚህ እርስዎ እንዲህ ቢያደርጉ" ብለሽ ምክር አትደርድሪ፤ "እርስዎስ እንዴት አዩት?" ብለሽ ጠይቂና ጠብቂ። "እርስዎ" ማለትሽ ግብረ መልሱን አያለዝበውም። የሚያለዝበው "አንዳንድ ጊዜ ምናልባት ትንሽ..." እያሉ መዞር ነው፤ ሰሚው ምን እንደተባለ ሳያውቅ ይሄዳል።

የምስጋናውም ግብረ መልስ እንደዚያው ዝርዝር ይሁን። "ጎበዝ ነሽ" ማንንም አያስተምርም። "25 ደቂቃ ሲቀር ሰዓቱን ስላስታወስሽን ጨረስን" ግን ነገም ይደገማል። ለአንቺ ሲነገርሽ ደግሞ አታስረጂ፣ ምክንያት አትደርድሪ። ጻፊው፣ "የትኛው ጊዜ ላይ ነው ያየኸው?" ብለሽ ምሳሌ ጠይቂ፣ አመስግኚ። መጋላ "እርማት መቀበል" ያለችው መስፈርት የሚሞላው በዚያች አንድ ደቂቃ ነው።

ሌላ ማንም ያላነሳው ነገር ቋንቋ ነው። ስላይዱና ሥልጠናው በእንግሊዝኛ፣ ውይይቱ በአማርኛ፣ ማሽኑ ጋ ያለው ሰው ግን ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ጠይቃችሁት "ደህና ነው፣ ችግር የለም" ያላችሁ ኦፕሬተር በራሱ ቋንቋ ሲጠየቅ የስቶሩን ነገር ከነምክንያቱ ይዘረዝረዋል። ቡድናችሁ ሲከፋፈል ቋንቋውን የሚችለውን ልጅ ከኋላ አታስቀምጡት፤ ጠያቂው እሱ ይሁን፣ የጥያቄውን ቅደም ተከተል አብራችሁ አዘጋጁ። ፕሬዘንቴሽኑን በአማርኛ ማቅረብ ይቻል እንደሆነም በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ስላይዱ በእንግሊዝኛ ሆኖ ንግግሩ በአማርኛ ይፈቀዳል። በእንግሊዝኛ እየተንተባተበ የቀረበ ጥሩ ሐሳብ ግማሹ በመንገድ ይቀራል።

የመውጫ ፈተናውን በተመለከተ ቤተሰብሽ የሚሉት መሠረት አለው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናውን ያላለፈ ተማሪ ዲግሪውን አያገኝም፤ የሥልጠና ሰርተፊኬት ደግሞ ዲግሪ አይተካም። ስለዚህ ከፈተናው በፊት ያለውን ሳምንት ቁጠሪ። ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ካለ ሂጂ። ሦስት ሳምንት ብቻ ከቀረ ግን ለሰው ሀብት ክፍሉ በጽሑፍ ምክንያትሽን ገልጸሽ "በሚቀጥለው ዙር እንድካተት" ብለሽ ጠይቂ፤ በአግባቡ የቀረበ ጥያቄ ስምሽን አያጠፋም፣ በሁለተኛው ቀን ጠፍቶ መቅረት ግን ያጠፋዋል። ከሄድሽ፣ ከዲፓርትመንትሽ የፈቃድ ደብዳቤ ሳትይዢ እንዳትሄጂ፤ ክፍል መገኘት የሚቆጥር መምህር በቃል ስምምነት አይታሰርም።

ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ያለው ነገር ደግሞ ከ5ቱ ቀን ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ዶናልድ ከርክፓትሪክ ሥልጠናን በአራት ደረጃ መዝኑ ብሏል፦ ሰልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረ ወይ፣ ሥራው ላይ አዋለው ወይ፣ ድርጅቱ ውጤት አገኘ ወይ። ዓርብ ከሰዓት የምትሞሉት ቅጽ የመጀመሪያውን ብቻ ይጠይቃል። ሦስተኛውን አንቺ ራስሽ ጠይቂ። አንድ ድርጊት ብቻ ምረጪ፣ ለምሳሌ "በየቡድን ሥራው ያልተናገረውን ሰው አስናግራለሁ"፤ ለ30 ቀን በመመረቂያ ጽሑፍ ቡድንሽ ውስጥ ሥሪው። ሲጀመር ለሁለት ልጆች ንገሪያቸው፣ በወሩ መጨረሻ "አይታችኋል? መቼ?" ብለሽ ጠይቂያቸው። መቼ እንደሆነ መናገር ካልቻሉ አልተደረገም። አምስት ስድስት ነገር የሚመርጥ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሁሉንም ይተወዋል።


መጋላ፦

ሺፍት ሦስት፣ የጻፍከው በሙሉ ይጠቅማል፤ በብሩ ላይ ግን አልስማማም። ተማሪ የአንድ ኪሎ ፓስታን የሱቅ ዋጋ በ480 አባዝቶ "በሺፍት ይህን ያህል ብር" ሲል የፋይናንስ ኃላፊው ፈገግ ይላል። የሱቅ ዋጋ ውስጥ የጥሬ ዕቃ፣ የመጓጓዣና የነጋዴ ድርሻ አለ፤ ድርጅቱ የሚያገኘው ልዩነቱን ብቻ ነው፣ እሱም ለውጭ ሰው አይነገርም። ደቂቃውንና ኪሎውን አቅርቡ፣ "ዋጋውን ፋይናንስ ቢያሰላልን" በሉ። ያለ ብር ያለቀ ትክክለኛ ቁጥር ከተገመተ ብር ይሻላል።


ሺፍት ሦስት፦

ልክ ነሽ፣ እቀበላለሁ። ብሩን የሚጽፉት የመፍትሔው ወጪ ላይ ብቻ ይሁን፤ ቀለምና የብረት መደርደሪያ ገበያ ወጥቶ መጠየቅ ይቻላል።


መጋላ፦

የሳቢያን ልጅ፣ ሲቪውንና ዓርብን ላክልልሽና እኔ ልብቃ። ሰርተፊኬቱ "የተሳትፎ" ነው ወይስ "የማጠናቀቂያ" የሚለውን እይ፤ ሲቪሽ ላይ ያንኑ ጻፊ። "የአመራር ሥልጠና ወስጃለሁ" ብቻ ለቀጣሪ ምንም አይነግረውም። እንዲህ ይሁን፦ "የአመራር ልማት ፕሮግራም፣ 5 ቀን፤ በ6 ሰው ቡድን የማሸጊያ መስመር መቆምን ለክተን የአንድ ሳምንት ሙከራ ለማኔጅመንት አቅርበናል፤ የመለካቱን ሥራ መርቻለሁ።" የሠራሽውን እንጂ ቡድኑ የሠራውን ሁሉ የራስሽ አታድርጊ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ "ሰዓቱን ማን ያዘ? ስንት ጊዜ ለካችሁ?" ብለው ይወርዱበታል። ለዚያ ሁኔታውን፣ የተሰጠሽን ሥራ፣ ያደረግሽውንና ውጤቱን በቅደም ተከተል በሁለት ደቂቃ መናገርን ተለማመጂ፤ ከሁለቱ ደቂቃ አብዛኛውን "ያደረግሁት" ላይ አውዪው።

የፋብሪካውን ቁጥር ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ልትጠቀሚበት ከፈለግሽ የጽሑፍ ፈቃድ ከድርጅቱ ያዢ፤ በመጀመሪያው ቀን የምትፈርሙት የምስጢር ጥበቃ ቅጽ ይኖራል፣ ሳታነቢ አትፈርሚ።

ዓርብ ደግሞ ጁምዓ አለ። ፕሬዘንቴሽኑ ከ6 ሰዓት በኋላ ከተያዘ ግማሹ ሰሚ ይነሳል፤ የመጨረሻዎቹ ቡድኖች ለባዶ ወንበር ያቀርባሉ። 24 ሰው በ6 ሲከፈል 4 ቡድን ነው፤ ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ንግግርና 5 ደቂቃ ጥያቄ ቢሰጥ አንድ ሰዓት ብቻ ይፈጃል። 3 ሰዓት ላይ እንዲጀመር ሰኞ ዕለት ጠይቁ።